ክርክር፦ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ከትምህርት ቤት ይከልከል?

ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች፣ የልጄ ትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ ከመስከረም ጀምሮ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃና ኮዳ ሊከለክል ነው። «ኬሚካሉ ልጆችን ያወፍራል» ነው የሚሉት። ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፦ እደግፋለሁ። ጠዋት ከእሳት የወረደ የዓሣ ጉላሽ ገልብጠን ክዳኑን ጥርቅም ነው። ማታ ዕቃው ቢጫ ሆኖ ይመለሳል፤ በኦሞ ብፈትገውም አይለቅ። ወጡ ፕላስቲኩ ውስጥ ከገባ፣ ፕላስቲኩስ ወጡ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው?

ባለባጃጁ፦ እቴ፣ ልጅ የሚያወፍረው ለስላሳና ቺፕስ ነው። ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። የእኛ ችግር ውፍረት ሆኖ ነው?

ነርሷ፦ ከተማ ውስጥ ሁለቱም አለ ወንድሜ። ዋናው ተጠርጣሪ አንዳንድ ፕላስቲክና የቆርቆሮ ጣሳ የውስጥ ሽፋን የሚሠራበት ቢስፌኖል ኤ የሚባል ኬሚካል ነው። ሰውነታችን ውስጥ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ይመስላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከ6 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 2,800 ያህል ልጆች ሽንት ታይቶ ነበር። ኬሚካሉ በብዛት ከተገኘባቸው ሩብ ያህሉ ልጆች 22 በመቶው ከልክ በላይ ወፍራም ነበሩ፤ በትንሹ ከተገኘባቸው ግን 10 በመቶው። ችግሩ ሽንቱም ክብደቱም የተለካው አንዴ ነው። የቆርቆሮ ለስላሳ የሚያዘወትር ልጅ ስኳሩንም ኬሚካሉንም ከአንዱ ጣሳ ያገኛል፤ የቱ እንዳወፈረው በምን ይለያል? አውሮፓውያን በ2023 በቀን ይፈቀድ የነበረውን መጠን 20,000 ጊዜ ሲቀንሱትም ዋናው ምክንያት የበሽታ መከላከል አቅም እንጂ ውፍረት አልነበረም።

ቅዳሜ ገበያ ዕቃ ሻጭ፦ ፕላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም እኮ! ሥሩን ገልብጣችሁ ቁጥሩን እዩ። 5 ከሆነ በቢስፌኖል የሚሠራ ዓይነት አይደለም፤ ሃይላንዱም 1 ነው፣ እንደዚያው። የሚያጠራጥረው 7 ነው።

እናት፦ የእኔ ቁጥርም የለው።

ሻጭ፦ እሱንስ ጣይው።

ባለባጃጁ፦ ጥላ በምን ትተካው? የብረቱን ዋጋ አንተው ታውቀዋለህ። ኮሚቴው ይግዛልና!

ነርሷ፦ ብረት ያልቻለ ወጡን አቀዝቅዞ ይጨምር፤ ኬሚካሉን በብዛት የሚያስለቅቀው ሙቀትና ዘይት ነው። ኮሚቴው ስለ ውፍረት ከልቡ ከሆነ ግን በሩ ላይ ካለው ሱቅ ለስላሳውን ያስነሳ።

እናት፦ ሱቁን ለትምህርት ቤቱ ገቢ ብሎ ያከራየው ማን ሆነና? ራሱ ኮሚቴው!