አድማጭ ለዘፈን ግጥም የሚሰጠው ፍቺ ምን ይባል? ትርጉም፣ ትርጓሜ ወይስ አንድምታ?

ጥያቄ ምልክት
አንድን የኢንዲ ሮክ (ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ ያደገ የሮክ ስልት) ዘፈን አምስት ሰው ሰምቶ አምስት ነገር ይላል። አንዱ «ስለ መለያየት ነው»፣ ሌላው «ስለ ሞት ነው»፣ ሦስተኛው «ስለ ሱስ ነው»። አድማጭ በየግሉ የሚሰጠውን ይህን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? «ትርጉም» እንዳንለው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መመለሱም ትርጉም ነው። «ግጥሙ ሰምና ወርቅ ነው» የሚሉም አሉ። ያስኬዳል?

ወርቅ አንጣሪ
አያስኬድም። በሰምና ወርቅ ወርቁን የቀበረው ገጣሚው ነው፤ አድማጭ ቆፍሮ ያወጣል እንጂ ከኪሱ አይጨምርም። የሚቆፈርበትም ቦታ ይታወቃል፦ ኅብረ ቃሉ ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ስንኙ ውስጥ ይቀመጣል፤ በአንዱ ሲፈታ ሰሙ፣ በሌላው ሲፈታ ወርቁ ይወጣል። ኅብረ ቃሉ የቱ እንደሆነ ማሳየት ያልቻለ ሰው ወርቅ አገኘሁ ባይል ይሻላል። የኢንዲ ግጥም አሻሚ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ነው፤ ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለው ሳይነገር ይታለፋል። የጎደለውን አድማጩ ከራሱ ሕይወት ይሞላዋል።

አዝማች
እንዲያ ከሆነ «አንድምታ» ነዋ! «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ፍቺ መደርደር ከዚህ በላይ የሚስማማው ቃል አለ?

ወርቅ አንጣሪ
ቅርጹ ይመሳሰላል፣ ነገሩ ግን ይለያል። አንድምታ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚተረጎሙበት፣ ከመምህር የሚወረስ ነው፤ ተማሪው ይቀጽለዋል (ደጋግሞ ያጠናዋል) እንጂ ደስ ያለውን «አንድም» አይጨምርም። የጥያቄው ቁልፍ ደግሞ «በየግሉ» የሚለው ነው።

ላልቶ ጠብቆ
ቃሉን ከመምረጣችን በፊት ሥራውን እንለየው። ሦስት ነገር አንድ ላይ ተደባልቋል። ንባብ፦ የተዘፈነው ቃል ምንድን ነው? ፍቺ፦ ቃሉ ወይም ፈሊጡ በዚያ ቋንቋ ምን ማለት ነው? ትርጓሜ፦ ስንኙ በጠቅላላው ስለ ምን ይናገራል? «የኔ ትርጓሜ ከአንተ ይለያል» ተብሎ የሚነሳ ክርክር ሲመረመር አብዛኛው የትርጓሜ ልዩነት አይደለም። ወይ አንዱ ቃሉን በትክክል አልሰማም፣ ወይ ፈሊጡን አያውቅም። ስለዚህ ለግሉ «ትርጓሜ» ይበቃል ባይ ነኝ፤ ሁለቱ ከተጣሩ በኋላ ከሆነ።

ንባቡ የሚበላሸው እንዲህ ነው። «ስ»፣ «ት»፣ «ፍ»ን የመሳሰሉ ተነባቢዎች የሚለዩበት ድምፅ በአብዛኛው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው። ዲስቶርሽን (ድምፅን ሆን ብሎ ማሻከር) የተጫነበት ጊታርና ሲምባል (ከከበሮው ጋር የሚመታው የናስ ሳህን) ደግሞ እዚያው ሰፈር ይጮኻሉ። በዚያ ላይ ድምፃዊውን ዝቅ አድርጎ መደባለቅና አንዱን ድምፅ ሁለቴ ቀድቶ መደረብ የተለመደ ነው፤ የተደረቡት ሁለቱ ተነባቢዎች እኩል ካልወደቁ ጫፋቸው ይደበዝዛል። አናባቢው ይተርፋል፣ ተነባቢውን ጆሮ በግምት ይሞላዋል። መፍትሔው፦ በጆሮ ማዳመጫ፣ ፍጥነቱን ወደ 75 በመቶ አውርዶ፣ በኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ቀንሶ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለውን 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ ማድረግ። ከዚያ በላይ ከፍ ከተደረገ ሲምባሉም አብሮ ይመጣና ድካሙ ከንቱ ይቀራል።

ጥያቄ ምልክት
ግጥሙ ተጽፎ የሚገኝበትን ፈልጎ ማንበብ አይቀልም?

ላልቶ ጠብቆ
ከአልበሙ ጋር የታተመ ከሆነ አዎ፤ ያም ቢሆን የተዘፈነው ከታተመው የሚለይበት ጊዜ አለ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ግን አብዛኛው ሌላ አድማጭ በጆሮው የጻፈው ነው፤ አንዱ ከአንዱ ስለሚገለብጥ አሥር ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ግጥም የማያትሙ ባንዶችም አሉ። የአሜሪካው ሮክ ባንድ አር.ኢ.ኤም. በ1983 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አልበሙን ካወጣ በኋላ ሙሉ ግጥም ከአልበም ጋር ያተመው በ1998 ነው።

አዝማች
ለዚህ የጆሮ ስሕተት እንግሊዝኛው ስም አለው፦ «ሞንዴግሪን»። ሲልቪያ ራይት የተባለች ጸሐፊ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ነው። በልጅነቷ «ሌይድ ሂም ኦን ዘ ግሪን» («ሳሩ ላይ አጋደሙት») የሚለውን ስንኝ «ሌይዲ ሞንዴግሪን» የሚል የእመቤት ስም አድርጋ ትሰማው ነበር። ለእኛ «የጆሮ ስንኝ» ቢባል?

ወርቅ አንጣሪ
«የጆሮ ስንኝ» ጥሩ ነው፤ ይያዝ። (በነገራችን ላይ ኢንዲን «ገለልተኛ ሮክ» የሚል ትርጉም አይቻለሁ። ገለልተኛ የሚባለው ወገን ያልያዘ ነው። ኢንዲ መጀመሪያ የሙዚቃው ስልት ስም አልነበረም፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ፣ በራሱ የሚሠራ አሳታሚ ማለት ነበር። «ኢንዲ» እንዳለ ቢቀር ይሻላል።)

ወደ ፍቺ እንምጣ። የአር.ኢ.ኤም.ን የ1987 እ.ኤ.አ. «ዘ ዋን አይ ላቭ» («የምወደው ሰው») ብዙ ሰው የፍቅር መታሰቢያ አድርጎ ይሰማዋል። መነሻው «ጎውዝ አውት ቱ» የሚለው ፈሊጥ ነው፤ ቃል በቃል «ወደ እገሌ ይወጣል» ቢሆንም ሥራው የሬዲዮ ምርጫ ላይ «ለእገሌ ይድረስልኝ» የምንለው ነው። እስከዚህ ፍቅር ይመስላል። ቀጥሎ ግን ያ የሚወደድ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ «ፕሮፕ» ይባላል። «ፕሮፕ» ሁለት ፍቺ አለው፦ ድጋፍ፣ እንዲሁም የመድረክ ዕቃ። «ምርኩዝ» ብሎ የተረጎመው ሰው ዘፈኑን ያለሰልሰዋል፤ «የመድረክ ዕቃ» ያለው ጭካኔውን ያገኘዋል። ሁለቱ ሰዎች «የግል ትርጓሜያችን ተለያየ» ቢሉ አልቀበልም። የተለያዩት አንድ ቃል ላይ ነው።

ላልቶ ጠብቆ
ለማሳያ ያህል እዚሁ የሠራሁት አንድ ስንኝ፦ «ኦል ዘ ላይትስ ዩ ሌፍት»።

«ሌፍት» ወይ «ጥሎ ሄደ» ነው፣ ወይ «እንዳለ ተወው» ነው። «ግራ» የሚለው ፍቺው እዚህ አይገባም፤ «ዩ» ካለ በኋላ ግስ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ አንድም ሳይጠፋ የተተወው መብራት ሁሉ፣ አንድም ተጥሎ የተሄደው መብራት ሁሉ ነው፤ በሁለተኛው መብራቱ ከተማም፣ ቤትም፣ ሰውም ሊሆን ይችላል። (አዝማች ደስ ይበለው፣ «አንድም» አልኩ።) ሦስተኛው የሚወሰነው በትንፋሽ ነው። ድምፃዊው «ላይትስ» ላይ ካቆመ «መብራቱ ሁሉ ይኸው በርቷል፤ አንተ ግን ሄደሃል» ይሆናል። ዜማው ሳይቆም ካለፈ ሦስተኛው ይወድቃል። ጽሑፉን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም።

በአማርኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። «አለ» ተጽፎ ሲታይ አሻሚ ነው፤ ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ይሆናል። አፍ ሲለው ነው የሚለየው።

ጥያቄ ምልክት
ስንኙን ወደ አማርኛ ስመልሰው «ዩ» አስቸገረኝ። አንተ? አንቺ? እናንተ?

ላልቶ ጠብቆ
ትልቁ ጉዳት እሱ ጋ ነው። «ትተሽው የሄድሽው» ባልን ቅጽበት ዘፈኑ ለሴት የተዘፈነ ሆነ፤ ስለ ወንድም፣ ስለ ባንድ ጓደኛ፣ ስለ ሕዝብ የሚሉት ትርጓሜዎች ሁሉ ተዘጉ። «ውዴ»፣ «ሆዴ» ማለት አያድንም፤ ስሙ ጾታ ባይኖረው ግሱ ያጋልጠዋል። አንቱታውም ጾታን ይደብቃል፣ ግን ወዲያው አዛውንት ይታየናል። የሚሠሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ግሱን ወደ አንደኛ መደብ መመለስ («መብራቱን ሳላጠፋ ጠበቅሁ»)፣ ወይም አድራጊውን ጨርሶ መሰወር («ሳይጠፋ የተተወው መብራት»)።

አዝማች
ሦስተኛ አለ፦ «ቀረ»። «መብራት ሁሉ ቀረ»። ከሄደው ኋላ ተረፈ ማለት ነው፤ «ያ ልማድ ቀረ» እንደምንለው ከነጭራሹ የለም ማለትም ነው።

ወርቅ አንጣሪ
ግሩም! ይኸው ኅብረ ቃል። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ወርቅ የአዝማች ነው፣ የእንግሊዝኛው ገጣሚ አይደለም። በዚያ ላይ ሄያጁን ሰው አጥፍቶታል። ለተዘፋኝ ትርጉም እቀበለዋለሁ፣ ለማብራሪያ ግን አልጠቀምበትም።

ጥያቄ ምልክት
እሺ፣ ንባብ፣ ፍቺ፣ ትርጓሜ ብዬ ልያዝ። ታዲያ አድማጩ «ይህ ስንኝ እንዲህ ተሰማኝ» ሲል የትኛው ጋ ይግባ?

ላልቶ ጠብቆ
መጀመሪያ ጠይቀው። «ተሰማኝ» ያለው «ጆሮዬ ይህን ቃል ያዘ» ለማለት ከሆነ ንባብ ነው፤ ኢኳላይዘሩን አውጣ። «ልቤን እንዲህ አለው» ለማለት ከሆነ ትርጓሜ ነው፤ የቱ ስንኝ ላይ እንደሆነ ብቻ ይንገርህ።