የጀልባ ቡኪንግ ሳይታችን ነጭ ሆነብኝ፣ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ሰው ይሳፈራል፣ ኧረ ድረሱልኝ

ደንገሉ፦
ሰላም ወገን ባጭሩ ልናገር ጊዜ የለኝም። ሳይታችን ከትናንት ማታ ጀምሮ ስከፍተው ነጭ ገጽ ብቻ ነው፣ ጽሑፍ የለ ኤረር የለ ምንም የለም። ኮዱን ማንም አልነካውም። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ወደ ዘጌ የሚሻገር ግሩፕ አለ፣ ማን እንደከፈለ ማን የትኛው ጀልባ ላይ እንደሚሳፈር ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ካፒቴኖቹ ከአሁኑ እየደወሉልኝ ነው። ምን ላድርግ??

የሽምብጡ፦
ሳይቱ የተጻፈበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒው፣ ቨርዥኑ ስንት ነው? የራሳችሁ ሰርቨር ነው ወይስ ከሌሎች ሳይቶች ጋር የምትጋሩት ሼርድ ሆስቲንግ? ኤረር ሎጉስ ምን ይላል? ሐኪም ጋ ገብተህ "አመመኝ" ብለህ ብቻ ዝም አልክ እኮ።

ደንገሉ፦
ይቅርታ፣ ሼርድ ነው። የጻፈው ልጅ ሥራ ለቆ ከሄደ ቆየ፣ ሳይቱ የተሠራው በ2006 ዓ.ም. ነው። አሁን ኢሜይል ስከፍት ሆስቲንጉ "ፒኤችፒውን ወደ 8.1 አሳድገናል" ብሎ ልኳል። ከሦስት ሳምንት በፊትም አስጠንቅቆ ነበር ለካ፣ አላየሁትም።

አርክቴክቱ፦
ይኸው ነው የእኛ አገር ችግር። ሳይት አሠርተን አሥር ዓመት ዞር ብለን አናየውም። ፒኤችፒ 5.6 ድጋፉ የቆመው በ2018 መጨረሻ በፈረንጆች ነው፣ 7.4 እንኳ በኖቬምበር 2022 ቆሟል፣ ስለዚህ እናንተ ስትሠሩ የኖራችሁት የሴኩሪቲ ጥገና በማያገኝ ነገር ላይ ነው ማለት ነው፣ የደንበኛ ስልክና የክፍያ መረጃ ይዛችሁ። የኔ ምክር ሙሉ በሙሉ ጥላችሁ ላራቬል በሚባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ከዜሮ መጻፍ ነው፣ ሰርቪስ ሌየር፣ ሪፖዚተሪ፣ አውቶሜትድ ቴስት፣ ሁሉንም በወጉ።

እምቦጭ ነቃይ፦
ጋሼ ነገ 1 ሰዓት ነው ያለው፣ በፈረንጅም ቢሆን 7 ሰዓት ነው፣ እስከዚያ ላራቬሉ አይደርስም ሃሃሃ

ማር ዘነብ፦
የብራውዘርህን ካሽ ክሊር አድርገህ ሞክር

የሽምብጡ፦
ካሽ አይደለም። ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ግባ፣ የፒኤችፒ ቨርዥን መምረጫ አለ፣ ወደ 5.6 መልሰው።

ታንኳ 21፦
ሲፓነል ላይ ቨርዥኑን ዝቅ አድርገው ይሠራል

ደንገሉ፦
5.6 የለም፣ ዝቅተኛው 7.4 ነው። አደረግኩት፣ አሁንም ነጭ። ኤረር ሎግ የሚል ፋይል ግን አገኘሁ፣ ማይሲኩዌል ኮኔክት የሚባል ፈንክሽን አላውቅም ይላል።

የባለጀልባው ልጅ፦
ቆይ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ለሦስት ጀልባ ሳይት ምን ያደርግላችኋል? ቴሌግራም ላይ ስም ተቀበሉ፣ አለቀ። አባቴ ሠላሳ ዓመት በደብተር ሠርቷል አንድም ቀን ነጭ አልሆነበትም።

ደንገሉ፦
ወንድሜ ጀልባው ሦስት አይደለም፣ ደግሞም ከውጭ የሚመጣው ሰው በደብተር አይከፍልም። እሱን ሌላ ጊዜ።

እናት ዓለም፦
ኧረ ልጁን አታድክሙት። ደንገሉ፣ ዳታው እኮ የትም አልሄደም፣ የተበላሸው ኮዱ ነው። ሲፓነሉ ላይ ዳታቤዙን ከፍቶ የሚያሳይ ፒኤችፒማይአድሚን የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ክፈት፣ ቡኪንግ ያለበትን ቴብል ምረጥ፣ የነገን ቀን ፈልግ፣ ኤክስፖርት ብለህ ፕሪንት አድርገህ ለካፒቴኖቹ ስጣቸው። ሳይቱን ከዚያ በኋላ ተረጋግተህ ትጠግናለህ። እግረ መንገድህን ሙሉ ዳታቤዙንም ኮምፒውተርህ ላይ አውርድ፣ ሳትረሳ።

ደንገሉ፦
እናት ዓለም ገባሁ ግን የነገን ቀን ስፈልግ ባዶ ነው የሚለኝ፣ ጠፍቶ ይሆን እንዴ

እናት ዓለም፦
በፈረንጅ ቀን ፈልገው። ገጹ ላይ በእኛ አቆጣጠር ቢያሳይም ዳታቤዝ ውስጥ አብዛኛው ሰው በፈረንጅ ነው የሚያስቀምጠው።

ደንገሉ፦
አገኘሁት!! 34 ሰው። ተባረኪልኝ። ፕሪንተር ልፈልግ ነው፣ መብራት ሳይሄድ።

የሽምብጡ፦
እሺ አሁን ወደ ጥገናው። እነዚያ ኮዱን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኙ የድሮ የማይሲኩዌል ፈንክሽኖች ከፒኤችፒ 7.0 ጀምሮ ተነቅለው ወጥተዋል፣ 7.4ም ላይ ነጭ የሆነው ለዚህ ነው። ምትካቸው ማይሲኩዌል-አይ ወይም ፒዲኦ ነው።

ታንኳ 21፦
ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አድርግ፣ ስማቸው ላይ አንድ አይ ጨምር፣ ሁለት ደቂቃ

የሽምብጡ፦
እንዳትሰማው! በድሮው ፈንክሽን ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የምትልከውን ጥያቄ) መጀመሪያ ትሰጣለህ፣ ኮኔክሽኑ ኋላ ነው፣ እንዲያውም ይተዋል። በአዲሱ ኮኔክሽኑ ይቀድማል፣ ግዴታም ነው። ስሙን ብቻ ከቀየርክ ሁሉም ገጽ ላይ ሌላ ኤረር ነው የምታገኘው። ለዛሬ የሚያደርስህ ይሄ ነው፣ አንድ ፋይል ፍጠር፣ ውስጡ የድሮዎቹን ስሞች ራስህ ፈንክሽን አድርገህ ጻፋቸው፣ እያንዳንዱ በውስጡ አዲሱን ይጥራ፣ ከዚያ የኮኔክሽን ፋይሉ አናት ላይ ሪኳየር አድርገው። ሌላውን ኮድ አትንካ፣ 7.4 ላይ ቆይ።

እምቦጭ ነቃይ፦
ታንኳ ላይ ሞተር መግጠም ይሏችኋል ይህ ነው። የታንኳው ደንገል ውሃ እስኪጠጣ ያደርሳል።

ደንገሉ፦
የሽምብጡ እጅህ ይባረክ ተነሳ! ግን የተሳፋሪው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው፣ አማርኛው በሙሉ

እናት ዓለም፦
አትደንግጥ። ቅድም ፒኤችፒማይአድሚን ላይ አማርኛው በትክክል ይታይ ነበር አይደል? እንግዲያው ዳታው ደህና ነው፣ ችግሩ ኮኔክሽኑ ነው፣ ከኮኔክቱ ቀጥለህ ሴት ቻርሴት ብለህ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (የአማርኛን ፊደል የሚይዘውን) ስጠው። እስከዚያ ግን የቡኪንግ ፎርሙን ዝጋ። በጥያቄ ምልክት ሆኖ የተጻፈ ስም ተመልሶ ፊደል አይሆንም።

አርክቴክቱ፦
ተነሳ ብለህ እዚያው እንዳትተኛ። ሰብዶሜይን ላይ ኮፒ አስቀምጥ፣ ፒኤችፒ 8 ላይ አድርገው፣ ኮዱን ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ውስጥ አስገባ፣ ፋይል በፋይል አስተካክል። ሬክተር የሚባል ቱል አለ፣ ብዙውን ራሱ ይቀይርልሃል። ኢች የሚባለውን ፈንክሽን ከተጠቀማችሁ 7.4 ላይ ያጉረመርማል እንጂ ይሠራል፣ 8 ላይ ግን የለም።

እምቦጭ ነቃይ፦
ጋሼ አሁን ጥሩ አመጡ። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፣ ከዜሮ ጋር የምታወዳድሩበት ቦታ ካለ ፈልጉት። እስከ 7.4 ቁጥር ያልሆነ ማንኛውም ቃል በሁለት እኩል ምልክት ከዜሮ ጋር ሲወዳደር እውነት ነበር፣ ከ8 ጀምሮ ሐሰት ነው። ኤረር አይሰጥም፣ ዝም ብሎ ሌላ ነገር ነው የሚሠራው።

ደንገሉ፦
ቆይ ቆይ። አንድ ቦታ ደሴቱ ዜሮ ከሆነ "ሴቶች አይገቡም" የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ዜሮ የክብራን ገብርኤል ቁጥር ነው፣ ፎርሙ ግን የሚልከው ስሙን ነው።

እምቦጭ ነቃይ፦
በለው! እስካሁን ለሁሉም ገዳም ነበር የሚያስጠነቅቀው ማለት ነው። 8 ላይ ደግሞ ለክብራንም ዝም ይላል፣ ሴቶቹ ደርሰው ጀልባ ላይ ሊቀመጡ ነው።

ደንገሉ፦
ለካ! ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ ሴቶች እየደወሉ "እኛ አንገባም እንዴ" ሲሉኝ የኖሩት ለዚህ ነው፣ እኔ እኮ ሳያነቡ ነው እያልኩ ስበሳጭ ነበር

ደንገሉ፦
ወረቀቱን ለካፒቴኖቹ ላድርስ፣ ቻርሴቱን ሞክሬ እመለሳለሁ

ማር ዘነብ፦
ካሹን ክሊር አደረግከው ግን?

ዓባይ ማዶ፦
ሰላም፣ ነገ ዘጌ በሚሄደው ጀልባ ሁለት ቦታ ይገኛል?

እምቦጭ ነቃይ፦
ሳይቱ ላይ ቡክ አድርግ