ሀይሉክሴን ሰጥቼ ዲማክስ ልውሰድ ወይስ ያለችኝን ላሳድስ?

የጅማው ጠጋኝ፦

ሰላም ቤተሰብ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ላማክራችሁ። ስራዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጥገና ነው፣ ቤቴ ጅማ ነው ግን ከተማ ውስጥ የምውለው በሳምንት አንድ ቀን ቢሆን ነው፣ ሌላውን ጊዜ አጋሮ፣ ጌራ፣ ሊሙ ኮሳ እያልኩ እሸት ቡና የሚታጠብባቸው ጣቢያዎች ላይ ነኝ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፣ ስለዚ በቡና ሰሞን ማሽን ቆመ ተብሎ ሌሊት ስድስት ሰዓትም ይደወላል፣ ዝናብ ነው ጭቃ ነው አይባልም ይኬዳል።

ያለችኝ የቶዮታ ፒካፕ ሀይሉክስ ቪጎ ነች፣ 2010 ሞዴል፣ ደብል ጋቢና፣ 2.5 ናፍጣ፣ ኢንተርኩለር (ከቱርቦ የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ) የሌለው፣ ማንዋል፣ ፎር ዊል። 318 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድታለች፣ ከዛ ውስጥ 140 ሺውን የነዳሁት እኔ ነኝ። የካሶኒው ጫፍ ላይ ሞርሳ (ብረት ጨምድዶ የሚይዝ) አስሬባታለሁ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ግንባሬ ላይ ባትሪ አስሬ ብረት የምቆርጠውም የማቀናውም እዛ ላይ ነው። እንጀራዬን የበላሁባት መኪና ነች በአጭሩ።

አሁን ግን ዳገት ላይ ደክማለች። አዲስ አበባ ለእቃ ወጥቼ ስመለስ ግቤ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ አበልቲ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምጎተተው፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ ሳይቀር ክላክስ ያደርግብኛል፣ ጭሱ ደግሞ ጥቁር ነው። ባሌስትራ ሁለቴ ተሰብሯል፣ እሱ ጥፋቱ የኔ ነው አብዝቼ ስለምጭን። አምና ናፍጣ የሚረጩትን ሁለት ኖዝል ቀይሬያለሁ፣ እሱም የመኪናዋ ጥፋት አይደለም፣ ናፍጣ ጠፍቶ በጀሪካን የገዛሁት ውሃ ነበረው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የኋላው ወንበር መደገፊያው ቀጥ ስላለ ረጅም መንገድ ሲሆን ያለቅሱብኛል።

እና አንድ ደላላ አዲስ አበባ ውስጥ ዲማክስ የሚባለውን የአይሱዙ ፒካፕ አገኘልኝ፣ 2015 ሞዴል፣ 3.0፣ ማንዋል፣ ፎር ዊል፣ 165 ሺህ የነዳ ይላል፣ ከአንድ ፕሮጀክት የወጣ ነው። የኔን ሰጥቼ 900 ሺህ ብር ጨምር ነው የሚሉት። ገንዘቡ አለ ግን ሙሉ የቡና ሰሞን የደከምኩበት ነው፣ ባለቤቴም ወስን እያለችኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ዲማክስ ሶዶ፦

ወንድሜ እኔ የዛሬ አራት ዓመት አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ነበርኩ፣ ከቪጎ 2.5 ወደ ዲማክስ 3.0 ነው የቀየርኩት፣ በጉልበት በኩል ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ያንተ ሞተር 102 የፈረስ ጉልበት ነው፣ የዲማክሱ 177፣ እሱ ብቻ አይደለም ቶርኩ (የመጎተት ኃይሉ) ያንተ 260 ኒውተን ሜትር ሲሆን የዚህኛው 380 ነው፣ ሞልተህ ጭነህ ዳገት ላይ ማርሽ ሳትቀንስ ስትሄድ ነው የሚገባህ። ነዳጅ ይበላል ይሉሃል፣ እኔ ጋ ግን ጭነት ላይ እንደውም ከቪጎዬ ብዙም አልራቀም ምክንያቱም ሞተሩ አይጨነቅም፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጠኛል።

ሌላው ትልቁ ነገር ታይሚንግ ቤልት (የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስተባብር ቀበቶ) የለውም ካቴና ነው፣ ቪጎው ግን ቤልት ነው፣ እሱ ከተበጠሰ ሞተርህን ተሰናበትክ ማለት ነው። የኋላ ወንበሩም ለልጆች ይሻላል።

የምነግርህ ጉድለት፣ ፎር ዊሉ ቁልፍ አዙረህ በኤሌክትሪክ ነው የሚገባው፣ እንደ ቪጎው በእጅ የሚሳብ ዘንግ አይደለም፣ ጭቃና ውሃ ገብቶበት ዝም ካለ መሃል ጫካ ላይ ምንም አታደርገውም። እኔ ያየኋቸው የዛ ሞዴል ዲማክሶች ላይ የኋላ ዲፍሎክም (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል የሚያዞረው) የለም። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆሞ ሲሰራ) ሞተሩ ከፍ ዝቅ ካለ ደግሞ ፓምፑ ላይ ያለችውን ቫልቭ አስፈትሽ፣ ትንሽ እቃ ነች ግን ታስቸግራለች። እኔ ብሆን እቀይር ነበር።

ሀይሉክስ በቃ፦

አረ ወንድሜ እንዳትሳሳት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ጌራ ላይ መኪና ቢቆምብህ ጠዋት አጋሮ ገብተህ የቪጎ እቃ ታገኛለህ፣ የዲማክስ 3.0 እቃ ግን አዲስ አበባ ደውለህ በአውቶብስ አስልከህ ነው። አንተ ደግሞ ስራህ በሰዓት ነው። ሽያጭ ላይ ስትመጣም ሀይሉክስ ነው ባለቤቱ፣ በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለና በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ፒካፕ ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲል አላየሁም። ያወቅከውን ይዘህ ቆይ።

ወልቂጤ ጋራዥ፦

ልጄ፣ ሁለቱም ወንድሞችህ ያሉት እውነት ነው፣ ግን የቱ ይሻላል ከማለትህ በፊት ያንተ መኪና ለምን ደከመች የሚለው ይቅደም። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ ስፈታ ነው የኖርኩት፣ ደክማለች ተብላ ከምትመጣልኝ መኪና ውስጥ ብዙዋ የደከመችው በሞተር አይደለም።

ጥቁር ጭስ ነው አልክ። ነጭ ቢሆን ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው እልህ ነበር፣ ሰማያዊ ቢሆን ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ማለት ናፍጣው አለ አየሩ አነሰ ማለት ነው። አየር የሚያንሰው ደግሞ ፊልትሮው ስለታፈነ፣ ቱርቦው ስለላላ፣ አለዚያም ቱርቦው የገፋው አየር ሞተር ሳይደርስ መንገድ ላይ ስለሚወጣ ነው። ከቱርቦ የሚወጣውን ጎማ ቱቦ አይተኸው ታውቃለህ? ከላይ ደህና ይመስላል፣ ከስር በኩል ይሰነጠቃል፣ ቆሞ ሲሰራ ስንጥቁ ዝግ ነው፣ ዳገት ላይ ስትረግጣት ይከፈታል። ዙሪያውን ዘይት የጠጣ አቧራ ከያዘ እሱ ነው። የጅማ መንገድ አቧራ ላይ ስለምትሰራ ፊልትሮውን ደግሞ እያራገፍክ አትመልስ፣ ቀይረው።

ሁለተኛ፣ ቤልቱ መቼ ነው የተቀየረው? ዳሽቦርዱ ላይ ቲ ቤልት የሚል መብራት አለ፣ ብዙ ጊዜ 150 ሺህ ላይ ነው የሚበራው፣ እኛ ግን ለአቧራ አገር 100 ሺህ ላይ እንቀይራለን። ካላወቅከው እንዳልተቀየረ ቁጠረው።

ሦስተኛ፣ ኖዝል ስትቀይር ከስሩ ያለችውን የመዳብ ዋሸር አዲስ አደረጉልህ? ይሄን ብዙ ልጆች ይረሱታል። አሮጌዋን መልሰው ከገጠሙ እሳቱ በጎን እያፈተለከ ዘይቱን ያጠቁረዋል፣ ጥቀርሻው ወርዶ ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ዘይት የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍነዋል፣ ከዛ አንድ ቀን የዘይት መብራት በርቶ ሞተር ነክሶ ይቆማል። ኮፓውን አውርዶ ወንፊቱን ማየት የግማሽ ቀን ስራ ነው።

ጭነቱን በተመለከተ ግን እቆጣሃለሁ። ጭነት ማለት ካሶኒው ላይ ያለው ብቻ አይደለም፣ የተፈቀደለት ላይ አንተም ረዳቶችህም ትቆጠራላችሁ። አራት ሰው ወደ 300 ኪሎ ነው፣ ጄኔሬተር፣ ሞተር፣ የብረት ሳጥን፣ ያ ሞርሳ፣ ሁሉንም ደምረው። ዲማክስም ብትገዛ እንደዚህ ከጫንክ ባሌስትራው ይሰበራል።

ዲማክሱን ግን አትይ አልልህም፣ ያ 3.0 ሞተር ጠንካራ ነው፣ እኔም አምነዋለሁ። ልታየው ስትሄድ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ድረስ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አንተ ራስህ አስነሳው። ዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ የሚተነፍሰውን እይ። ከስሩም ተኛና ሻንሲውን (መኪናውን የተሸከመውን ብረት) ከፊት እስከ ኋላ በእጅህ ዳስሰው።

ሰብለ ሐዋሳ፦

ጋሼ ጥሩ ነግረውታል፣ እኔ የወረቀቱን ልጨምር። ወንድሜ ከፕሮጀክት የወጣ ነው ያልከው ላይ ነው የደነገጥኩት። እኔ የዶሮ መኖ ማከፋፈያ አለኝ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ከአንድ ድርጅት የወጣ ፒካፕ ቀብድ ከፍዬ ገዛሁ፣ መኪናው ንፁህ ነበር፣ በኋላ ስም ላዞር ስሄድ ለካ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም ተባልኩ። ሻጩ ደግሞ እሱ የገዢ ነው አለ። አምስት ወር ተመላለስኩ፣ መኪናው ግቢ ቆሞ ጎማው ሲሰነጠቅ እያየሁ፣ መጨረሻ ላይ ተስማምተን ቀብዴን ቀንሶ መለሰልኝ። ያኔ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈልህ በፊት ሊብሬውን ዋናውን እይ ኮፒ አትይ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አስተያየው፣ እዳና እገዳ እንደሌለበት ከመንገድ ትራንስፖርት አስጣራ፣ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን በወረቀት አሳየኝ በል። ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ይሁን፣ ደላላው ቢሮ ውስጥ የሚፃፍ ወረቀት አትፈርም። እና ያንተንም እየሰጠህ ስለሆነ የአንተ ስም ዝውውር በዛው ቀን ይለቅ፣ መኪናህ በስምህ እያለ ሌላ ሰው አደጋ ቢያደርስ አንተን ነው የሚፈልጉት።

የጅማው ጠጋኝ፦

ከአስራ አንድ ቀን በኋላ ነው የተመለስኩት ይቅርታ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ሄጄ ዲማክሱን አየሁት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብዬ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ፣ ጋሼ እንዳሉት ኮፋኖው ላይ እጄን ሳስቀምጥ ሞቋል። ቀድመው አስነስተውታል። ለምን ስላቸው ቦታ ለማስተካከል ነው አሉ። እሺ ብዬ ነዳሁት፣ እውነት ለመናገር ጉልበቱ ደስ ይላል፣ የሶዶው ወንድሜ ያልከው ትክክል ነው፣ ልቤ ሄዶ ነበር። ቀረጡም የተከፈለ ነው፣ ሰብለ እህቴ ወረቀቱን ዋናውን ነው ያየሁት፣ እዛ ላይ ችግር የለም።

ከዛ ካርቶን አንጥፌ ከስር ተኛሁ። በግራ በኩል ከፊት ጎማ ኋላ ሻንሲው ላይ ጥቁር ቀለም ከሌላው ይበልጥ ያበራል። በካቻቢቴ ጫፍ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ፣ ከስሩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ስር ብየዳ። አንድ ስንዝር ይሆናል። እኔ ብረት በያጅ ነኝ፣ ያ ብየዳ የጥገና ሳይሆን የመደበቅ ብየዳ ነው። ተነስቼ ልብሴን አራገፍኩ፣ ደላላው ሁለት መቶ ሺህ ያስቀንስልሃል አለኝ፣ ልጆቼን በዚህ አልጭንም ብዬ ሄድኩ።

ስመለስ ወልቂጤ ጋሼ ጋ ገባሁ። ገና ኮፋኖውን ከፍተው እጃቸውን ከቱርቦው ቱቦ ስር ሲሰዱ ጣታቸው ጥቁር ቅባት ይዞ ወጣ፣ ቱቦው ሲፈታ ከስር በኩል አራት ጣት ያህል ተሰንጥቋል። ፊልትሮውንም ቀየሩ። ከዛው ቀን ግቤ ወርጄ ወደ አበልቲ ስወጣ ባዶ ስለነበርኩ ሙሉ ፈተና አይደለም ግን ሦስተኛ ማርሽ ያዘች፣ በስፖኪዮ ሳይም ጭስ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ዓመት ሙሉ በተቀደደ ቱቦ ነው የነዳኋት ማለት ነው፣ ሳስበው አዘንኩላት።

አሁን የወሰንኩት፣ ይሄን የቡና ሰሞን በሷ ነው የምሰራው። ቤልቱን ማንም እንደቀየረው ስለማላውቅ ይቀየራል፣ ኮፓውም ይወርዳል፣ ባሌስትራውም ይታያል። ጄኔሬተሩን ከንግዲህ በአይሱዙ የጭነት መኪና ነው የማስልከው። ግን የ3.0ን ፍላጎት ከልቤ አላወጣሁትም፣ የልጆቹ ወንበር ጉዳይም እንዳለ ነው፣ ጥር ላይ ሒሳቤን ዘግቼ እንደገና እፈልጋለሁ። የሶዶው ወንድሜ፣ በናንተ በኩል ባለቤቱ የሚታወቅ፣ ከአንድ እጅ የወጣ ዲማክስ ከሰማህ ንገረኝ።

ወልቂጤ ጋራዥ፦

ልጄ ቤልቱን ስታመጣ ብቻውን እንዳትገዛ፣ መወጠሪያዋን ኩሽኔታ ጨምረህ ያዝ፣ አዲስ ቤልት በአሮጌ ኩሽኔታ አልገጥምም። ማክሰኞ ጠዋት ብትመጣ ቦታ አለኝ፣ ኮፓውን በዛው ቀን እናወርደዋለን።

ዲማክስ ሶዶ፦

በዛ ብየዳ ስላልገዛኸው ደስ ብሎኛል። እኛ መስሪያ ቤት ሁለት አሉ፣ አንዱን የዛሬ ዓመት አካባቢ በጨረታ ያወጡታል የሚባል ነገር አለ፣ ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ ሰርቪስ አሳልፎ አያውቅም። እጠይቅልሃለሁ።

የጅማው ጠጋኝ፦

ጋሼ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እዛ ነኝ፣ ኩሽኔታውን ዛሬ አዝዣለሁ። ሶዶ፣ የጨረታውን ቀን ብቻ ንገረኝ፣ ካርቶኔን ይዤ እመጣለሁ።