የድሬ ውሃ ማፍያዬን ነጭ አለበሰብኝ፤ ለልጅ ይሆናል?

የሳቢያን እናት (ጠያቂ)
ሰላም ጀማዓ። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ ከመጣን ሦስት ወራችን ነው። አዲስ የገዛሁት የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በማንኪያ ስፍቀው እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተሰበረ ይነሳል። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ብሏል፣ ፀጉሬም ገመድ ሆኗል። ጎረቤቴ «ይሄ ኩላሊት ውስጥ ነው የሚጋገረው፤ በረኪና ጨምረሽ አፍዪው፣ ይለቃል» አለችኝ። የአራት ወር ልጅ አለኝ። ጡት ስለማይበቃው የዱቄት ወተትም በዚሁ ውሃ ነው የምበጠብጥለት። ምን ትሉኛላችሁ?

የከዚራ ልጅ
አቦ እንኳን ደህና መጣሽ! እኔ ይሄን ውሃ ተወልጄ ጠጥቼ አድጌበታለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ሎሚ ጨምቂበትና አፍዪው፣ በቃ ይለቃል።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር
ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንሽ። የጎረቤትሽንና የከዚራውን ልጅ ምክር አንድ ላይ እንዳትሰሚ! በረኪና ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጠባብ ኩሽና ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ደግሞ ለብቻውም ቢሆን ያንን ቅርፊት አይነካውም። ሥራው ጀርም መግደልና ማንጣት ነው።

አሁን ወደ ቅርፊቱ። ዝናብ ሲወርድ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያነሳል። በአየር ውስጥ ያለው ከሚሊዮን 420 ገደማ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ንጹሑን የዝናብ ውሃ በጥቂቱ አሲድ ያደርገዋል፣ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 5.6 አካባቢ (7 ገለልተኛ ነው)። አፈር ውስጥ ሲገባ ግን ሥርና ረቂቅ ተሕዋስያን የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበዛ ስለሆነ አሲድነቱ ይጨምራል። ከዚያ የኖራ ድንጋይ ላይ ይደርሳል። ድሬ ዙሪያ ኖራ ድንጋይ ሞልቷል፤ እዚህ ሲሚንቶ የሚመረተው በምን ሆነና! አሲዱ ድንጋዩን ቀስ እያለ ይበላል። ድንጋዩም ካልሲየም ባይካርቦኔት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ለዓይን አይታይም፤ ውሃሽ ጥርት ያለ ነው።

ስታፈዪው ያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል። ጋዙ ከሄደ ድንጋዩ ሟምቶ መቆየት አይችልም። ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይቀመጣል። ማፍያሽ ውስጥ የምታዪው እንግዲህ ከከርሰ ምድር የመጣ ድንጋይ ነው።

ማመን ካቃተሽ ከቅርፊቱ አንድ ስባሪ አንስተሽ ሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጊና ሁለት ጠብታ ሎሚ ጣይበት። ጆሮሽን አስጠጊ። ቸስ ይላል፣ አረፋ ይሠራል። ክፍል ውስጥ ይሄን ሳሳይ ተማሪ ሁሉ ከወንበሩ ይነሳ ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛ
መምህር ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ የእጅ ሥራውን ልጨምር። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ማፍያውን እስከ ግማሽ ሙይው። አሙቂው እንጂ አታፍዪው፣ አረፋው ይገነፍላል። ከዚያ አንድ ሰዓት ተዪው። ድፊው፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልተሽ ድፊ። የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ከሆነ ግን ብዙ አታቆዪበት፣ አሲዱ ብረቱን ራሱን ይበላዋል። የሻወሩን ራስ ደግሞ አቼቶ ባለው ፌስታል ውስጥ ነክረሽ አሳድሪው።

ቦይለርም ካለሽ ሙቀቱን ወደ ላይ አትጫኚው። ውሃው በጋለ ቁጥር ቅርፊቱ ይብሳል። ባለፈው አንድ ቤት የቦይለር መሞቂያውን ሳወጣው ክንዴን አክሎ ነበር፤ ድንጋይ ለብሶ። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ ድንጋዩን ነው የሚያሞቀው፣ ቢሉ ላይ ታዪዋለሽ።

ጀጎል ግቢ
እህቴ፣ ለፀጉርሽ ከሐረር ልንገርሽ። ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ እንደ አይብ ይቋጠራል፣ አረፋ የሚጠፋው ለዚያ ነው። ፀጉርሽ ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። እኔ ውሃ አፍልቼ አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ከላይ ጥርት ያለውን ቀድቼ ለመጨረሻ ማለቅለቂያ አደርገዋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ የጣራ ውሃ! ድንጋይ ስላልነካው በትንሽ ሳሙና አረፋ ይሞላል። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን አትያዢው፤ ቆርቆሮው ላይ የከረመው አቧራና የወፍ ኩስ ነው የሚወርደው። ለመታጠብ እንጂ ለልጁ አይደለም።

ነርስ ነኝ
ስለ ኩላሊት፦ ለጤና ሲባል በውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከዚህ አይለፍ የሚል ገደብ የዓለም ጤና ድርጅት አላወጣም። በድሬ ሙቀት ጠጠር የሚያመጣብን ዋናው ነገር ውሃ አለመጠጣት ነው። ላብሽን ተክተሽ ጠጪ። ቀድሞ ጠጠር የወጣለት ሰው ሐኪሙን ያማክር።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ነጩ ሳይሆን የማይታየው ነው። የከዚራ ልጅ «ምንም አልሆንኩም» ማለትህ ለአራት ወር ሕፃን አይሠራም። ከተማ ውስጥ ሽንት ቤት ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ሲበዛ፣ ቆሻሻው በአፈር ውስጥ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ሆኖ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይሰርጋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬትን ግን አያስወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን ናይትሬቱ ይከማቻል። ገደቡ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም ሊቸገር፣ ከንፈሩም ሊጠቁር ይችላል። እንዲህ ካየሽ ሳትውዪ ሐኪም ቤት ውሰጂው።

እና ውሃሽ ከየት ነው? የመንግሥት ቧንቧ ነው ወይስ የግቢ ጉድጓድ?

የሳቢያን እናት
ቧንቧ ነው። ሲጠፋ ግን አከራያችን ከጉድጓዱ ወደ ሮቶ ይስባል። ሮቶው ደግሞ አንድ ነው።

ነርስ ነኝ
እንግዲያው የተቀላቀለ ነው። ናሙና ወስደሽ ናይትሬት አስመርምሪ፣ የከተማው ውሃ አገልግሎት ጠይቂ። እስከዚያ ለወተቱ ጉድጓድ ያልነካው ውሃ ተጠቀሚ። የታሸገም ቢሆን አፍልተሽ፣ ትኩስ እያለ በጥብጪና አቀዝቅዘሽ ስጪው። አንዴ የፈላን ውሃ መልሰሽ መላልሰሽ አታፍዪ። ጡቱንም አብዢለት፣ ሲጠባ ነው የሚጨምረው።

የከዚራ ልጅ
እሺ ነርስ፣ ተሸነፍኩ 😄

የሳቢያን እናት
ማፍያው ነጽቷል፣ ታችኛው ብረት ፊቴን ያሳያል። ለጎረቤቴም የሎሚውን ነገር አሳየኋት። «ቸስ» ሲል ደንግጣ ሲኒ ማስቀመጫዬን ልትሰብርብኝ ነበር። በረኪናውን ሽንት ቤት አስቀምጫለሁ። ናሙናውን ሰኞ ጠዋት እወስዳለሁ፤ አከራዩም «ለኔም ጠይቂልኝ» ብሏል።