የቤት ሶኬት መኪናዬን ሌሊቱን ሙሉ ለምን አልሞላልኝም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ በባትሪ ብቻ የምትሠራ፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የምትይዝ ቻይና ሠራሽ መኪና ገዛሁ። አብሯት የመጣውን ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ሳሎን ካለው ሶኬት ሰክቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባቆያት፣ ከ20 በመቶ ተነሥታ 53 ላይ ቀረች። ወንድሜ ቤት ደግሞ ያው ቻርጀር ቀይ መብራት አብርቶ ጨርሶ አልሠራም አለ። ችግሩ የመኪናዋ ነው ወይስ የመስመሩ?

መላኩ፦ በእርስዎ ቤት የታየው ብልሽት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ቻርጀሩ ከ220 ቮልት መስመር 10 አምፔር ቢስብ 2.2 ኪሎዋት ይሆናል፤ በ10 ሰዓት 22 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሙቀት የሚባክነው ሲቀነስ 20 ገደማ ነው፤ ይህም የባትሪዎ ሲሶ ነው። ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ብቻ በመሆኑ፣ የቤቱን ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈሰውን) ወደ ዲሲ የሚለውጠው መኪናዋ ውስጥ ያለው አነስተኛ መሣሪያ ነው። ፈጣን ቻርጀር ግን ለውጡን ውጭ ጨርሶ ዲሲውን በቀጥታ ስለሚያስገባ ከሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

የመስመር ሠራተኛ፦ ስለ ቀዩ መብራት መጀመሪያ የምጠረጥረው የመሬት ሽቦን፣ ማለትም የሚያፈስን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ነው። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ ለመሬት የሚሆን ቦታ ቢኖረውም ከበስተጀርባው የተያያዘ ነገር የለም፤ ቻርጀሩም ይህን ሲያውቅ ሥራ ያቆማል። አንዳንዶች ኑልን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) እና መሬቱን ሶኬቱ ላይ አገናኝተው ያታልሉታል፤ እባክዎ ይህን እንዳያደርጉ፣ ኑሉ የተቋረጠ ዕለት የመኪናዋ አካል ራሱ ሰው ይይዛል። የመሬት ዘንግ ያስቀብሩ፣ ከቆጣሪው አጠገብ የራሱ ብሬከርና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ያለው መስመር ያስዘርጉ። የእንጀራ ምጣድ የበለጠ ኃይል ቢስብም ጋግረን እናጠፋዋለን፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለሚስብ የላላ ሶኬትና ኤክስቴንሽን የሚቀልጡት በዚህ ነው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለ 32 አምፔር ቻርጀር ባስገጥምስ? ደግሞስ እስከ 100 መሙላት ይጎዳል?

መላኩ፦ የመኪናዋ መለወጫ 7 ኪሎዋት የሚችል ከሆነ፣ ከ20 እስከ 80 በመቶ ለመድረስ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል፤ ቆጣሪዎ መቻሉን ግን አስቀድመው ያስፈትሹ፣ ከምጣድ ጋር አብሮ ባይሠራም ይመረጣል። የመሙያውን ልክ የሚወስነው የባትሪው ዓይነት ነው፦ ኒኬል ያለበትን ለዕለት ጉዞ 80 ላይ ማቆም ዕድሜውን ያረዝማል፣ የሊቲየም አይረን ፎስፌቱን ግን አምራቾቹ ራሳቸው በየጊዜው እስከ 100 እንዲሞላ ይመክራሉ። ቤትዎ እንጦጦ ግርጌ ከሆነ ግን ጠዋት 100 ይዘው አይውረዱ፤ የሞላ ባትሪ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሯ መኪናዋን እየያዘ የሚያመነጨውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው፣ መኪናዋ በሞተሯ መያዟን ትቀንስና ፍሬን ላይ ይቀራሉ።