ዳርክ ኢነርጂ የስበት ሌላ ፊት ይሆን እንዴ?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ጠፈር የሚሰፋው እየፈጠነ ነው ይባላል። ለሚገፋው ነገር ዳርክ ኢነርጂ የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ምንነቱ ግን አልታወቀም። እኔ ሌላ ኃይል የለም እላለሁ። ስበት ራሱ ቅርብ ላይ ይስባል፣ በጣም ሲርቅ ይገፋል። ማግኔትም እኮ ይስባልም ይገፋልም። የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ ሐሳቡን ግን መዝኑልኝ።

የፊዚክስ መምህሯ፦ ወንድሜ፣ ማግኔቱን ተወው። እሱ የሚገፋው ዋልታው ሲዞር እንጂ ሲርቅ አይደለም። ጥያቄህ ግን ከባድ ነው። በአንስታይን እኩልታ ስበትን የሚፈጥረው ቁስ ብቻ አይደለም፤ ግፊትም ይቆጠራል። ግፊቱ ከዜሮ በደንብ ከወረደ ስበት ይገፋል። ዳርክ ኢነርጂም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ «ስበት ይገፋል» ማለትህ አያስኬድም አይባልም። ማስረጃ የሚጠይቀው «ሌላ ነገር የለም» ያልከው ነው።

ተማሪው፦ መምህርት፣ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት ቡድኖች የጠፈር መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን ያወቁት የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን፣ ማለትም የሚፈነዱ ኮከቦችን፣ ብርሃን ለክተው ነው። ቁጥር ይዘው መጡ። እዚህ ቁጥሩ የታለ? ስበት መግፋት የሚጀምረው ከስንት ርቀት ነው? ጎረቤታችን ጋላክሲ አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ እንኳ ወደ እኛ እየመጣች ነው።

ጡረተኛው ቀያሽ፦ ልጄ፣ ቀስ በል። የዩራነስ ጉዞ ሲዛባ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለቬርዬ ያልታየ ፕላኔት አለ ብሎ አሰላ። እ.ኤ.አ. በ1846 ኔፕቱን ተገኘ። ሜርኩሪ ሲዛባም ያንኑ መልስ ደገመ፣ ለፕላኔቱም ቩልካን የሚል ስም ወጣለት። ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። እ.ኤ.አ. በ1915 አንስታይን የስበትን ሕግ ራሱን ለውጦ ፈታው። አንዱ ጋ የጎደለው ፕላኔት ነበር፣ ሌላው ጋ ሕጉ። የአሁኑ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ የዚህን ሰው አፍ አልዘጋም።

ተማሪው፦ ጋሼ፣ አፉን አልዘጋሁም። ግን አንስታይን የሜርኩሪን መዛባት ልክ በሚታየው መጠን አስልቶ ነው ያመጣው፣ በመቶ ዓመት 43 የማዕዘን ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ነው)። ስበትን ለውጠን ዳርክ ኢነርጂን እናስቀር ያሉ ባለሙያዎችም የደረሰባቸውን አይተናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም እጅግ የታመቁ የሞቱ ኮከቦች፣ ግጭት ተመዘገበ። የስበት ሞገዱና የጋማ ጨረሩ (እሱም የብርሃን ዓይነት ነው) 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት ደረሱ። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ይጓዛሉ የሚሉ ብዙ ሞዴሎች በአንድ ልኬት ወደቁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይህን አላውቅም ነበር። የእኔም ወደቀ ማለት ነው?

የፊዚክስ መምህሯ፦ ያንተማ ስለ ፍጥነት ምንም አላለም፤ ምን ይዞ ይወድቃል? ድክመቱም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ሞክረህ አታየው። የምድርን ስፋት የሚያህል ቦታ ውስጥ ያለው ዳርክ ኢነርጂ በቁስ ሲመነዘር ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም። በሩ ግን አልተዘጋም። በአሪዞና ያለው፣ የጋላክሲዎችን ርቀት የሚለካው ዴሲ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 ያወጣው ልኬት ዳርክ ኢነርጂ በጊዜ ብዛት እየደከመ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ሰጥቷል። ገና አልጸናም። ከጸና ግን ብዙ ነገር እንደገና ይታያል።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እሺ፣ ከአንድሮሜዳ ልነሳ። እሷ እየቀረበች ከሆነ መግፋቱ የሚጀምረው ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ነው። ወረቀት አውጥቻለሁ።

የፊዚክስ መምህሯ፦ ርቀቱ ብቻ አይበቃህም። ከ10 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ተንጣለው በስበት የተያያዙ የጋላክሲ ክምችቶች አሉ። የክምችቱን ክብደትም አስገባ፣ ነገ አብረን እናየዋለን።