ሁለት የከብት አገር፣ እኩል ሰው፤ ድምፁ ግን ለምን እኩል አይመዝንም?

ባለ ሥጋ ቤቱ (ፒያሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም። ሚዛኔን ሸፍኜ፣ ስፕሪስ ይዤ፣ ጊዮርጊስን እያየሁ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ጊዜ አለኝና ልጠይቃችሁ።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ትራክ ይነዳል። ባለፈው ከዋዮሚንግ፣ ሰብሌት ከሚባል ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ በሉት) የከብት ፎቶ ልኮ «ጋሼ፣ ይህን ሰንጋ ብታየው!» አለኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ ከሞዶክ ልኮልኝ ነበር፤ የካሊፎርኒያ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው። ካሊፎርኒያ ሲባል እኔ የማውቀው ባሕርና ፊልም ነው እንጂ ላምና ድርቆሽ መኖሩን አልሰማሁም።

ሳነብ ነገሩ ያዘኝ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ሰብሌት 8,728 ሰው፣ ሞዶክ 8,700። ልዩነቱ 28 ሰው፤ እኛ ሰፈር አንድ ግቢ የሚሞላ። ሁለቱም ከብት ያረባሉ፣ ድርቆሽ ያጭዳሉ፣ መሬቱም አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ነው። በዚያ መሬት ላም ከነጥጃዋ አንድ ወር ሙሉ ስትግጥ በ2024 የሚከፈለው 1 ዶላር ከ35 ሳንቲም ነበር፣ እዚህም እዚያም ያው። (በዚህ ዋጋ የሰንጋ መኖ የሚሸጥልኝ ካለ በውስጥ ያናግረኝ።) ሁለቱም ደግሞ ሪፐብሊካንን ነው የሚመርጡት፣ ያውም በሰፊ ልዩነት።

ለፕሬዚዳንት ሲመርጡ ግን ሚዛኑ ተለየብኝ። ዋዮሚንግ 576,851 ሕዝብ ይዛ 3 ወኪል መራጭ (በግዛቱ ስም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጥ ሰው) አላት። ካሊፎርኒያ ከ39 ሚሊዮን ተኩል በላይ ይዛ 54። ሳካፍለው፣ ዋዮሚንግ ለ192 ሺህ ሰው አንድ፣ ካሊፎርኒያ ለ732 ሺህ ሰው አንድ። አራት እጥፍ ሊሞላ ምን ቀረው? እኔ እንዲህ ዓይነት ሚዛን ባስቀምጥ በማግስቱ ሱቄ ይታሸጋል።

የሞዶኩን ከብት አርቢ የጎዳው ይህ ሚዛን ነው? ወይስ እኔ ያላየሁት አለ?

የስድስት ኪሎዋ

ጋሼ፣ ሒሳብዎ ልክ ነው። የሞዶኩን ሰው የበለጠ የጎዳው ግን አሸናፊው ሁሉንም ጠቅልሎ መውሰዱ ይመስለኛል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በየግዛቱ አንደኛ የወጣ ወኪሎቹን በሙሉ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትራምፕ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቷል፤ ቴክሳስን አሸንፎ እዚያ ካገኘው እንኳ ይበልጣል! ካሊፎርኒያ ያኔ 55 ወኪል ነበራት። ከ55ቱ ለእሱ አንድም አልደረሰውም። የሞዶክ ድምፅ እዚያ ውስጥ ቀልጦ ቀረ።

የሰብሌቱም ቢሆን ክብደቱ ብዙ አልጠቀመውም። ዋዮሚንግ ለማን እንደምትሆን አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ተወዳዳሪዎቹ ጊዜና ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ውጤታቸው አስቀድሞ በማይታወቅ፣ እንደ ፔንሲልቬንያ ባሉ ግዛቶች ላይ ነው።

ከሳክራሜንቶ ተመላሽ

ልጅቷ ያለችው እውነት ነው፤ ግን ሴኔትን (የላይኛውን ምክር ቤት) ዘለለችው። ዋዮሚንግ 2 ሴናተር፣ ካሊፎርኒያም 2። የሚያስግጥበት መሬት ባለቤት ዋሽንግተን ለሆነችበት ሰው ሴናተር ማለት ብዙ ነው፤ ስለዚህ የሰብሌቱ ሰው ምንም አላተረፈም አትበሉ።

11 ዓመት ሳክራሜንቶ ኖሬያለሁ፤ የሰሜኖቹን ብሶት ሰምቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የሞዶክ ካውንቲ ምክር ቤት ከካሊፎርኒያ ተገንጥለን «ጄፈርሰን» የሚባል ግዛት እንመሥርት የሚለውን ሐሳብ ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ደግሞ፣ ቴክሳስ የምርጫ ክልሎቿን ለሪፐብሊካን እንዲመቹ ስለሸነሸነች ካሊፎርኒያም በሕዝበ ውሳኔ አጸፋውን መለሰች። ሞዶክ ከወርቃማው በር ድልድይ ማዶ ካለው ከማሪን ካውንቲ ጋር በአንድ የምርጫ ክልል ተሰፋች። ወንድሜ፣ ይህ ማለት ቦሌን ከያቤሎ ጋር አንድ የምርጫ ክልል እንደማድረግ ነው።

ለዚህ ነው የነብራስካ ዓይነት፣ ወኪልን በየምርጫ ክልሉ ማከፋፈል የማይጥመኝ። ካርታውን የሚቀደው መቀሱን የያዘው ነው። ግዛቱ ወኪሎቹን በድምፅ ልክ ቢያካፍል ግን መቀስ አያስፈልገውም።

የስድስት ኪሎዋ

እስማማለሁ፣ ሴኔቱን ዘልዬዋለሁ። ሌላም መንገድ አለ። በአገር አቀፍ ድምር ለበለጠው ወኪሎቻችንን እንሰጣለን ብለው የሚፈራረሙ ግዛቶች አሉ፤ ስምምነቱ ሥራ ላይ የሚውለው የፈራሚዎቹ ወኪሎች ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚበቃውን 270 ሲሞሉ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 ገብታለች፤ ዋዮሚንግ የለችበትም። ያ ቢሆን የሞዶኩም የሰብሌቱም ድምፅ አንድ አንድ ሆኖ ይቆጠራል። ዋዮሚንግ ግን ትርፏን ስለምታጣ፣ በደስታ ትፈርማለች ብዬ አልጠብቅም።

ባለ ሥጋ ቤቱ (ፒያሳ)

ተባረኩ። አሁን የገዛ ቤቴ ትዝ አለኝ። በ1997 አባቴ ንብ መረጠ፣ እኔ ሁለት ጣት። አዲስ አበባ ያሏት 23 የፓርላማ ወንበሮች ሁሉም ለቅንጅት ሆኑ። ሽማግሌው ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። በ2002 ደግሞ ከ23ቱ ለተቃዋሚ የደረሰው 1 ብቻ ነበር፤ ያኔ ተራው የእሱ ሆነና «የት ሄደ ድምፅህ?» ይለኝ ጀመር። እኛ ሁለታችንም ከፒያሳ አልወጣንም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከተማው እንዲህ የተገለበጠ የመሰለው ሰዉ በሙሉ ስለተለወጠ ነው እንዳልል፣ ደንበኞቼን አውቃቸዋለሁ፤ ግማሹ ዛሬም ከግማሹ ጋር ይጨቃጨቃል።

የኔ ልጅ፣ እኛ አገር ይህን ለመለወጥ ምን ያስፈልጋል?

የስድስት ኪሎዋ

በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ወንበሩን የሚወስድበት የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተጽፏል። ወንበር በድምፅ ልክ ወደሚካፈልበት ተመጣጣኝ ውክልና ወይም ሁለቱን ወደሚያጣምር ቅይጥ ለመሄድ እሱን ማሻሻል ይጠይቃል፤ ማሻሻያው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም በሁለት ሦስተኛው መጽደቅ አለበት። ቀላል አይደለም፣ ጋሼ።

ባለ ሥጋ ቤቱ (ፒያሳ)

ማታ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ዜግነት አግኝቷል፤ የሚመርጠው ካሊፎርኒያ ነው። «አንተስ መረጥክ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ የኔ ወገን እዚህ ማሸነፉ አይቀርም ብዬ ተኛሁ» አለኝ። የተሸናፊው ድምፅ ቀለጠ ስንል፣ የአሸናፊው ደግሞ ከአልጋው አልወረደም።

ነገ ሐሙስ ነው፣ ሰንጋ ይገባል። ሻኛ የምትፈልጉ ቀደም በሉ።